ስንቁን ይዞ ለሚመጣ እንግዳ

ከሮቤ ተነስቶ በሻሸመኔ መንገድ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው፣ የሲናናን የስንዴና የገብስ ማሳ ከኋላው ትቶ ዲንሾ ይገባል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው። በግቢው፣ በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል፣ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ሰው ሳይፈሩ ይግጣሉ። ዲንሾ ሎጅ ለብዙ ዓመታት እንግዳ ሲቀበል የኖረው በዚሁ ግቢ ነው። ደንቡም ቀላል ነበር፤ አልጋውና የጋራ ማብሰያ ቤቱ ከሎጁ፣ ስንቁና ባልትናው ከእንግዳው። ይህ ዓይነቱ ማረፊያ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነገር እስኪሠራ ድረስ እንደሚታገሡት ጊዜያዊ መጠለያ ይቆጠራል። እኔ ግን ለባሌ ከሁሉ የሚስማማት ይኸው እንግዳው ራሱ የሚያበስልበት ሎጅ ነው እላለሁ፤ እሳቱና ትራፊው ሥርዓት ከያዙለት።

ምክንያቱ ከፓርኩ ህልውና ይነሣል። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ፓርክ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያቸው ባሌ ነው። ዋቤ ሸበሌን፣ ገናሌንና ዌይብን የሚመግበው ውኃ ከዚህ ደጋ ይወርዳል፤ በኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው በመጨረሻ ሕዝቡ ነው፤ “የማያውቁት አገር አይናፍቅም” እንደሚባለውም፣ ያላየውን ነገር የሚሟገትለት ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ የመምህር ወይም የነርስ ቤተሰብ ትራንስፖርቱን፣ የመግቢያውንና የአልጋውን ክፍያ ምናልባት ይችለው ይሆናል። አምስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሎጅ ምግብ ቤት ሲበላ ግን ጉዞው ከአቅም በላይ ይሆናል። ቤተሰቡ ራሱ ሊቀንሰው የሚችለው ወጪ የምግቡ ነው።

ይህ የተሞከረ መንገድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ እንደ ስኩኩዛና ሳታራ ያሉት ሰፊ የማረፊያ ካምፖች የማብሰያ ቦታ ያላቸው ጎጆዎችን ያከራያሉ፤ የፓርኩ አብዛኞቹ ጎብኚዎችም የአገሪቱ ዜጎች ናቸው። ከባሌ ተራሮችም ሳንወጣ፣ በዶዶላና በአዳባ ደን ውስጥ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተሠሩት ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አዴሌና ሞሎሊቾ የተባሉት የተራራ ጎጆዎች በዚሁ መንገድ ነው የተደራጁት። እንግዳው ስንቁን በፈረስ ጭኖ ይወጣል፣ በጎጆው ወጥ ቤት ያበስላል፣ ለአስጎብኚው፣ ለፈረስ ጫኙና ለጎጆ ጠባቂው ለየራሳቸው ይከፍላል። ገንዘቡ በአንድ ካዝና አልፎ ሳይሆን በቀጥታ ደኑ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ይደርሳል።

አንዳንዶች “ስንቁን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለአካባቢው ምን ይተዋል?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥጋቱም ሁሉንም ከአዲስ አበባ ሸምቶ ለሚመጣ ሰው እውነት ነው። ሮቤና ጎባ ገበያ ላይ የሚሸምት እንግዳ ግን ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ከገበሬው እጅ ይገዛል፤ ማሩና ቡናው የሐረና ደን ሊሆን ይችላል። በአንድ ትልቅ ሎጅ ከየት እንደሚሸመት የሚወስነው አንድ ባለቤት ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ይወስናል። ማብሰል የማይፈልግም የዲንሾን ሴቶች ወይም ወጣቶች በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ማሠራት ይችላል። ጎርጎራንና ወንጪን የመሳሰሉ ትልልቅ ማረፊያዎች የራሳቸው እንግዳ አላቸው፤ መኖራቸውን አልቃወምም። ሆኖም አቅም ያለውን ብቻ የሚያስተናግድ ፓርክ የሕዝብ ፓርክ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው የእሳትና የትራፊ ጉዳይ ነው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ከቆላው እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይጨምራል። ማገዶው ከአስታው ወይም ከጽዱ ከተቆረጠ፣ ሊጎበኝ የመጣው እንግዳ የጎበኘውን ደን አነደደ ማለት ነው። የምግብ ትራፊ ደግሞ ውሻ ይስባል፤ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በተነሣው የዚሁ በሽታ ወረርሽኝ በፓርኩ የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ስለዚህ ሎጁ ቡታጋዝ ማቅረብ፣ የማገዶ እሳትን መከልከል፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት ግዴታው ሊሆን ይገባል። ይህን የማያሟላ ማረፊያ ቢዘጋ ይሻላል። ትራፊ ግን ከሆቴል ወጥ ቤትም ይወጣል፤ መፍትሔውም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥጥር ነው።

“ኢትዮጵያዊ ለመዝናናት ወጥቶ ድስት አይጥድም” የሚሉም አሉ። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል። በዚሁ በባሌ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ምዕመናን፣ በሌላም አገር ወደ ንግሥ የሚወርዱ ተጓዦች፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ነው ረጅሙን መንገድ የሚገፉት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የባሌው ጩኮም በእሳት ላይ ብዙ ሳይቆዩ፣ አንዳንዶቹም ያለ እሳት፣ ብርዱን የሚያስችሉ ምግቦች ናቸው። ስንቅ መያዝ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም፤ ጎጆ ሲሠራለት ብቻ ነው አዲስ የሚመስለው።

ወደ ባሌ የምትሄዱ ወገኖች፣ ሸመታችሁን ሮቤ ወይም ጎባ አድርጉት። ክክና ሽሮ ምረጡ፤ ቶሎ ይበስላሉ። ቡታጋዝ ያዙ፣ የፓርኩን እንጨት አትንኩ፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጆቻችሁንም ውሰዷቸው፤ ነገ ይህን ተራራ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና።