ዘግይቶ የመጣ ምርጫ

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ ከተማ፣ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ተለማማጅ ሐኪም ሆኖ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ጥገና፣ በሕፃናትና በማኅፀን ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። የቆየ ምኞት የሚፈተነውም በዚሁ ጊዜ ነው።

አንድ ተማሪ ለዓመታት የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን ሲያስብ ኖረ እንበል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ልዩ ሙያ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሆነ፣ ክብሩ ያጓጓል። አንድ ሌሊት ግን ከደጋው ገጠር እጁ የተሰበረ ሕፃን ይመጣል። ወጌሻው ቀርከሃውን አጥብቆ ስላሰረው ደም መዘዋወሩን አቁሞ እጁ ጠቁሯል፤ ከመቁረጥ በቀር መላ የለም። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ልብ ወደ አጥንት ሕክምና ያዘነብላል።

«ይህን ያህል ደክሞ እንዴት ይተወዋል?» የሚሉ ወዳጆች አይጠፉም። እኛ ግን የጠፋ ዓመት የለም እንላለን፤ ልዩ ሙያ የሚጀመረው ከምረቃ በኋላ ተወዳድሮ ነውና። ስለ አንጎል ያነበበውም ቢሆን ከፈረስ የወደቀ ገበሬ ሲመጣለት ይጠቅመዋል።

ሆኖም አንድ ሌሊት ያሳዘነን ነገር ሁሉ ሙያ አይሆንም። ስለዚህ ከመወሰኑ በፊት በአጥንት ክፍል ተራውን ቀን፣ ጀሶ ማሰሩንና ቁስል ማጠቡን ጭምር ይሥራ። ያ ድካም ካላሰለቸው ይለውጥ። የሚያሳፍረው መዘግየት ሳይሆን፣ የሰው አፍ ፈርቶ ያልወደዱትን ሥራ ዕድሜ ልክ መያዝ ነው።