አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር

በጋይንት ወይም በስማዳ ገደል አፋፍ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ላይ የተጫነ በቅሎ የሚነዱ ሁለት መንገደኞች ፊት ለፊት ቢገናኙ፣ አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። ባቡር ግን ጥግ መያዝ አይችልም። ታዲያ በአንድ ሐዲድ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ባቡሮች ከግጭት የሚድኑት እንዴት ነው?

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነጠላ መስመር ነበር። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ተጨማሪ ሐዲድ ባላቸው ጣቢያዎች ነው።

የችግሩ ሥር ፊዚክስ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ ነው፤ ይህም ለመጎተት ሲያመች ለማቆም ያስቸግራል። ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ0.5 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ባቡር እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ለመቆም 120 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ግን 490 ሜትር ገደማ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነጂው አደጋውን በዓይኑ እስኪያይ ቢጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል።

እ.ኤ.አ. በ1874 በእንግሊዝ አገር ቶርፕ በተባለ ስፍራ፣ በቴሌግራፍ መልእክት ስሕተት ምክንያት ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ተለቀው ተጋጩ፤ ከ20 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ በኋላ ኤድዋርድ ታየር የተባለ መሐንዲስ በ1878 መፍትሔ አቀረበ። በሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች የሚቀመጡ ሁለት ሣጥኖች በኤሌክትሪክ ሽቦ ይገናኛሉ። ከአንዱ ሣጥን የማለፊያ ጠፍጣፋ ብረት ከወጣ፣ ያ ብረት ወደ ሣጥን እስኪመለስ ድረስ ከሁለቱም ሌላ አይወጣም። ብረቱን ያልያዘ ነጂ ወደ መስመሩ አይገባም። ደኅንነት ከሰው ትዝታ ወደ ቁስ ተሻገረ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ዛሬም በብሪታንያ በቅርስነት በተጠበቁ የእንፋሎት ባቡር መስመሮች ይታያል። ከእነዚህም በበጎ ፈቃደኞች ከጥፋት የዳነው የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ የቀጠለው የዌልስ ታሊሊን ነው። በእንዲህ ያሉ መስመሮች የምልክት ሠራተኛ የሚሆን በጎ ፈቃደኛ ደንቡን አጥንቶ መፈተን አለበት። በተረኛነት ቀኑ ለቀጣዩ ጣቢያ በደወል ያስታውቃል፤ ባቡር ያለፈበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ምልክቱንና የሐዲድ መቀየሪያውን በረጃጅም የብረት እጀታዎች ያንቀሳቅሳል። ሐዲዱ በትክክል ካልተቀየረ የምልክቱ እጀታ ተቆልፎ አልንቀሳቀስ ይላል። «ይህ ከተሟላ ብቻ ያኛው ይፈቀድ» የሚለው የኮምፒዩተር ሎጂክ እዚህ በብረት ተሠርቶ ይገኛል።

ምልክት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁት በግጭት ሳይሆን፣ ባቡሩ ጠመዝማዛ ቦታ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ ከሐዲዱ በመውጣቱ ነው። መንገዱ ነጻ መሆኑን ምልክቱ ይናገራል፤ ፍጥነቱን የሚገታው ግን ነጂው ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል። የድሬዳዋ ነባር የባቡር ጥገና ሥፍራና የለገሃር ጣቢያ ግን የቀደመው ዘመን ምስክሮች ናቸው። እነዚህን መጠበቅ ትዝታን ማቆየት ብቻ አይደለም፤ ተማሪ የፊዚክስንና የሎጂክን ሕግ በእጁ ዳስሶ የሚረዳበትን ቤተ ሙከራ ማቆየትም ነው።