መርከቡ እስኪነሣ ድረስ፤ ባንኮክን በአንድ ቀን ስለ መጐብኘት

በሩቅ ምሥራቅ ባሕር ከሚመላለሱት የመንሸራሸሪያ መርከቦች በአንዱ ተሳፍረው፥ ከሲንጋፖር ወደ ሰሜን ተጕዘው፥ በማለዳ ከመኝታ ክፍልዎ ወጥተው ከመርከቡ ሰገነት ላይ ቢቆሙ፥ በጕዞው ዝርዝር «ባንኮክ» ተብሎ የተጻፈውን ከተማ ከፊቴ አገኛለሁ ብለው መጠባበቅዎ አይቀርም። የሚያዩት ግን የወርቅ ጕልላት ሳይሆን የብረት ሣጥን ክምርና ክምሩን የሚያነሡ ረዣዥም ክሬኖች ናቸው። መርከቡ መንገድ አልሳተም። የደረሱበት ስፍራ ላም ቻባንግ የሚባል ወደብ ነው፤ ከባንኮክም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኮክ የወንዝ ዳር ከተማ እንጂ የባሕር ዳር ከተማ አይደለችም። ቻኦ ፕራያ የተባለው ወንዝዋ ወደ ባሕሩ በሚገባበት አፍ ላይ ደለል ስለሚከማች፥ ክሎንግ ቶይ ወደተባለው ወደ ከተማው ወደብ መግባት የሚችለው ርዝመቱ ከ172 ሜትር ያልበለጠ፥ ከውሃው በታች የሚጠልቀውም አካሉ ከ8 ሜትር እምብዛም የማያልፍ መርከብ ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ታላላቅ የመንገደኛ መርከቦች ደግሞ 300 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ። ስለዚህ በ1991 በተከፈተው በላም ቻባንግ ይቆማሉ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።)

እንግዲህ ባንኮክን ለመጐብኘት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ካርታ ሳይሆን ሒሳብ ነው። መርከቡ ከጧቱ በ1 ሰዓት ደርሶ ከምሽቱ በ12 ሰዓት ይነሣል እንበል። በወረቀት ላይ ሲታይ 11 ሰዓት ሙሉ አለዎት። ከዚህ ላይ ለመውረድና ለፍተሻ አንድ ሰዓት፥ ወደ ከተማው ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይቀንሱ። ለመመለሻው ሦስት ሰዓት ይያዙ፤ የባንኮክ የመኪና ጭንቅንቅ ከቀትር በኋላ እየባሰ የሚሄድ ነውና። መንገደኛው ሁሉ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት እንዲገባ ስለሚታዘዝ ለዚህም አንድ ሰዓት ይተዉ። የቀረዎት አራት ሰዓት ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 8 ሰዓት ማለት ነው።

በጊዜው ነገር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የሲንጋፖር ሰዓት ከባንኮክ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። አንዳንዱ መርከብ በየወደቡ ሰዓቱን ከአገሩ ሰዓት ጋር ያስተካክላል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ነበረ ይተወዋል። ያልተስተካከለ እንደ ሆነ፥ በመርከቡ 12 ሰዓት ሲሆን በየብስ ገና 11 ነው። በኪስዎ ያለው ስልክ የየብሱን ሰዓት በራሱ ስለሚይዝ፥ «ገና አንድ ሰዓት አለኝ» ብለው ሲዝናኑ መርከቡ ገመዱን ይፈታል። ስለዚህ ከመሰላሉ ሳይወርዱ «የመርከቡ ሰዓት ዛሬ ስንት ነው?» ብለው መጠየቅና የክንድ ሰዓትዎን በዚያው መሙላት ይገባል። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በመርከቡ ማስታወቂያ 17 ሰዓት ተኩል ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፥ የታይላንድ ሕዝብ በቀድሞ ልማዱ የምሽቱን ሰዓት የሚቈጥረው እንደ እኛ ነው። የእነሱ የምሽት አንድ ሰዓት የእኛም አንድ ሰዓት ነው፤ ቈጠራውም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አይለያይም። ዓመታቸው ግን ከአውሮፓውያኑ 543 ዓመት ይቀድማል። አውሮፓውያን 2026 የሚሉት ዓመት በእነሱ 2569 ነው፤ በአንድ ደረሰኝ ላይ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ወደ ከተማው ለመሄድ ብዙ ጊዜ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀው ጕብኝት ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፥ ነገር ግን የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ እንዲጠብቅ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከጓደኛ ጋር ሆኖ ለሙሉ ቀን መኪና መኮናተር ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጠብቅዎ የለም። ሦስተኛው ማድረስና መመለስ ብቻ የሚሠራው አውቶቡስ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያራግፈው በገበያ አዳራሾቹ ሰፈር ስለ ሆነ፥ ቀኑን በሱቅ መካከል ማሳለፍ ላልመጣ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሲያም ጣቢያ በ1999 ሥራ በጀመረው የሰማይ ባቡር ወደ ሳፓን ታክሲን ይሂዱ፤ ከጣቢያው ሥር ካለው የጀልባ ማረፊያ ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ይውጡ። በመኪና ከሆነ ግን ያችው አጭር መንገድ ስንት ደቂቃ እንደምትፈጅ ማንም አያረጋግጥልዎትም።

በወንዝ መሄድ የሚሻለው ለጊዜው ሲባል ብቻ አይደለም። ከተማይቱ የተሠራችው በወንዙ ምክንያት ስለ ሆነ፥ አሠራርዋ የሚገባው ከውሃው ላይ ሆኖ ለሚያያት ነው። የቀድሞው መናገሻ አዩትያ በ1767 በበርማ ሠራዊት ከተቃጠለ በኋላ፥ ታክሲን የተባለው ንጉሥ በወንዙ ምዕራብ ዳር በቶንቡሪ ተቀመጠ። በ1782 የነገሠው ቀዳማዊ ራማ ግን መናገሻውን ወደ ምሥራቁ ዳር አሻገረው። ጠላቱ ከምዕራብ የሚመጣ ነበርና፥ በዚያ ስፍራ ወንዙ እንደ ቀስት ታጥፎ ከተማውን በምዕራብ በኩል ይከልልለታል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቦይ አስቈፍሮ ከተማውን ደሴት አደረገው። በስፍራው ይኖሩ የነበሩት ቻይናውያን ነጋዴዎች ወደ ሳምፔንግ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ የዛሬው የቻይናውያን ሰፈር የተጀመረው እንዲህ ነው። ለከተማይቱም የተሰጣት ሙሉ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ 168 ፊደል ይሆናል። ሕዝቡ አሳጥሮ ክሩንግ ቴፕ ይላታል፤ የመላእክት ከተማ እንደ ማለት ነው። ባንኮክ የሚላት ባዕድ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት ጎረቤቶቿን ሁሉ ሲከፋፈሉ ያን ጊዜ ሲያም ትባል የነበረችው ይህች አገር እንደ ኢትዮጵያ ነጻነቷን ጠብቃ ኖራለች፤ ከዳር ዳር ያለውን ግዛት ብዙውን ማስረከብ ግን አልቀረላትም።

በአራት ሰዓት ውስጥ አሥር ስፍራ አሳያለሁ የሚል መሪ ቢያጋጥምዎ አሥር በር ያሳይዎታል። እኔ የምመክረው በዚያው በወንዙ እጥፋት ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ሦስቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ታላቁ ቤተ መንግሥት። ነገሥታቱ ከ1782 እስከ 1925 የኖሩበት፥ ዛሬም የመንግሥት በዓል የሚከበርበት ቅጥር ግቢ ነው። በዚሁ ግቢ ውስጥ ያለው የመረግዱ ቡድሃ ቤተ መቅደስ ለአገሩ ሰው ከሁሉ የከበረ ነው። ስሙ መረግድ ይባል እንጂ ምስሉ ከአረንጓዴ ጄድ የተጠረበ ነው፤ ቁመቱም 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሩቅ በረጅም ዙፋን ላይ ተቀምጦ ስለሚታይ «ይህን ለማየት ነው ወይ የመጣሁት?» የሚል ጐብኚ አይታጣም። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚናገረው በ1434 በሰሜን በቺያንግ ራይ መብረቅ አንድ ሐውልት ሲመታ፥ በውስጡ በልስን የተሸፈነ ምስል ተገኘ፤ ልስኑ ከአፍንጫው ላይ ሲቀረፍ አረንጓዴው ድንጋይ ታየ። ከዚያ በኋላ ወደ ላኦስ ተወስዶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈየ። በ1779 የሲያም ሠራዊት ቪየንቲያንን ሲይዝ፥ በኋላ ቀዳማዊ ራማ የተባለው የጦር አዛዥ ይዞት መጣ። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፥ በበጋ፥ በዝናምና በብርድ ወራት፥ የምስሉን የወርቅ ልብስ ይለውጣል። ከቤተ መቅደሱ ሲወጡ በዙሪያው ባለው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በ178 ክፍል የተሣለውን የራማኪየንን ታሪክ ሳያዩ አይለፉ። መነሻው የሕንድ ራማያና ነው፤ ከሰዉ ሁሉ ይልቅ ግን ዓይን የሚስበው ሀኑማን የሚሉት ነጩ ዝንጀሮ ነው።

እዚህ ለሚገባ ሰው ልብሱ ይመረመራል። ቁምጣ፥ እጅጌ የሌለው ልብስና የተቀደደ ሱሪ ክልክል ነው። ወደ መቅደሱ ሲገቡም ጫማ ይወለቃል፤ ይህ በቤተ ክርስቲያን ለለመደው ለእኛ ሰው አይከብድም። ለእኛ እንግዳ የሚሆነው የእግር ነገር ነው፤ ሲቀመጡ እግርን ወደ ምስሉ መዘርጋት ታላቅ ነውር ስለ ሆነ ወደ ኋላ ማጠፍ ይገባል። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰቡ በቀልድም ቢሆን ክፉ ከመናገር ይጠበቁ፤ ሕጉ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሳስራልና።

ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ደኅና ልብስ የለበሰ፥ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ቀርቦ «ዛሬ ቤተ መንግሥቱ እስከ ቀትር ዝግ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ቤተ መቅደስ ላሳይዎ» ቢልዎ አመስግነው ይለፉ። እኛ ባጃጅ የምንለውን የሚመስለው ቱክ ቱክ በርካሽ ዋጋ ያሳፍርዎና መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ይሆናል። በዚያ የሚገዙት ቀይ ዕንቍ ብርጭቆ ባይሆን እንኳ ዋጋው የሚያስለቅስ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚጠፋው ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥቱ ብዙውን ጊዜ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ክፍት ስለ ሆነ፥ መዘጋቱን ማመን የሚገባው ከበሩ ዘበኛ ሲሰሙ ብቻ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ በስተ ደቡብ በእግር የሚደረስበት ዋት ፖ ነው። የተጋደመው የቡድሃ ምስል ርዝመቱ 46 ሜትር፥ ከፍታው 15 ሜትር ነው፤ ቤቱ በልኩ ስለ ተሠራ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሙሉውን ማየት አይቻልም። በእግሩ መርገጫ ላይ በሚያብለጨልጭ የባሕር ዛጎል 108 ምልክቶች ተለብጠዋል። ከጀርባው በተደረደሩት 108 የነሐስ ገንቦዎች ሰዉ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፤ ድምፁ እንደ ጥቃቅን ደወል ነው። ለእኔ ግን ከምስሉ ይልቅ የሚበልጠው በየግድግዳው የተተከለው የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ሣልሳዊ ራማ በ1830ዎቹ ቤተ መቅደሱን ሲያሳድስ፥ ሕክምናውን፥ ቅኔውን፥ የመታሸት ጥበቡን በድንጋይ አስቀርጾ፥ ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲማርበት በአደባባይ አቆመው። ዩኔስኮ በ2011 ጽሑፎቹን በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ አስፍሯቸዋል። የእሽታው ትምህርት ቤት ዛሬም በዚያው አለ፤ እግሩ የደከመው መንገደኛ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው አይቈጨውም።

ከዋት ፖ ፊት ለፊት ካለው ከታ ቲየን በጥቂት ባት ክፍያ በማሻገሪያ ጀልባ ወደ ምዕራቡ ዳር ሲሻገሩ ዋት አሩን ነው። የመረግዱ ቡድሃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመዛወሩ በፊት የተቀመጠው በዚህ ነበር። ግንቡ ከሩቅ የአበባ ጥልፍ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን የተሰበረ የቻይና ሸክላ ነው። ከቻይና የሚመጡት መርከቦች እንዳይናወጡ ክብደት ብለው የጫኑት ሸክላ በባንኮክ ይራገፍ ነበር ይባላል፤ ግንበኛውም ያን ስብርባሪ በልስን ላይ እየለጠፈ ቅጠልና አበባ አደረገው። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ከመውጣትዎ በፊት መውረዱን ያስቡ።

መርከብዎ ቀደም ብሎ ደርሶ አንድ ሰዓት ከተረፈዎት፥ ከዋት ፖ አጠገብ በ2019 ከተከፈተው ከሳናም ቻይ ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስት ጣቢያ ሄደው፥ ከሁዋ ላምፖንግ ወርደው ዋት ትራይሚትን ይዩ። በዚያ የነበረው ትልቅ የልስን ምስል ዋጋ የለውም ተብሎ ሃያ ዓመት ያህል በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ ነበር። በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሊያዛውሩት ሲያነሡት ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ፤ ልስኑም ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የታየው ወርቅ ነበር። ምስሉ 55 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በልስን የሸፈኑት ሰዎች ከወራሪ ሊሠውሩት እንደ ሆነ ይታመናል፤ ምስጢሩን የሚያውቁት ሳይናገሩ ስላለፉ፥ ትውልድ ሁሉ በፊቱ እየተመላለሰ አያውቀውም ነበር።

8 ሰዓት ሲሆን ግን ያላዩትን ትተው ይነሡ። ከመውረድዎ በፊት የፓስፖርትዎን ግልባጭ፥ የወደቡን ስም በታይ ፊደል የተጻፈበትን ወረቀትና የመርከቡን ወኪል ስልክ ቍጥር መያዝ ይገባል። መርከቡ ካመለጠዎ ወደሚቀጥለው ወደብ በራስዎ ወጪ መከተልዎ ነው። የታይላንድን ቪዛ ነገርና የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትን ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ይጠይቁ፤ ወረቀቱ የጐደለው መንገደኛ ላም ቻባንግ ደርሶም ከሰገነት ላይ ሆኖ ክሬኖቹን ሲያይ ይውላል።

አንዳንድ መርከብ በላም ቻባንግ ሌሊቱን ያድራል። ያን ጊዜ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል፤ በከተማው አንድ አልጋ ተከራይተው ምሽቱን በቻይናውያኑ ሰፈር በያኦዋራት መንገድ ላይ ምግቡ ከየምድጃው ሲወጣ እያዩ ማምሸት፥ ቤተ መንግሥቱንም በማግሥቱ በር ሲከፈት ከሰዉ ቀድሞ መግባት ይቻላል።