ተማረከ የተባለው ድሮንና ‹‹ተፈታ›› የተባለው ቪዲዮ

እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2013 መጀመሪያ የኢራን ቴሌቪዥን ከአየር ላይ የተቀረፀ ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳየ፡፡ በምስሉ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ይታያል፤ ካሜራው ወደ መንደርደሪያው እየቀረበ ይሄድና አውሮፕላኑ ያርፋል፡፡ ፊልሙ የተገኘው ከ14 ወራት በፊት ከተማረከ የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላን ማኅደር እንደሆነ፣ ምስጢራዊ ቁልፉም በኢራን ባለሙያዎች እንደተፈታና ማረፊያው አፍጋኒስታን የሚገኘው የካንዳሃር ጦር ሰፈር እንደሆነ ተነገረ፡፡ የዚህ ሁሉ ወሬ አባት የአብዮታዊ ዘቡ የአየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል አሚር አሊ ሐጂዛዴህ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 እስራኤል በፈጸመችው ጥቃት እስከተገደሉበት ቀን ድረስም በዚሁ ኃላፊነት ላይ ቆይተዋል፡፡

ዓለም ግን ፊልሙን በጥርጣሬ ነበር የተቀበለው፡፡ ለጥርጣሬው በቂ ምክንያት ነበረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የአብዮታዊ ዘቡ ድረ ገጽ አራት ሚሳይሎች በአንድ ጊዜ ሲተኮሱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አሠራጭቶ፣ አንደኛው ሚሳይል በኮምፒዩተር የተጨመረ መሆኑ ሲታወቅ የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ፎቶውን ለማንሳት ተገዷል፡፡ ከድሮኑ ፊልም ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደግሞ ኢራን ዝንጀሮ ወደ ጠፈር ልካ በሰላም መለስኩ ስትል፣ ከጉዞው በፊትና በኋላ የታዩት ዝንጀሮዎች የተለያዩ ሆነው ተገኙ፡፡ አንደኛው ከዓይኑ በላይ ምልክት ነበረው፣ ሌላኛው የለውም፡፡ ባለሥልጣናቱ የድሮ ፎቶ ተቀላቅሎብን ነው አሉ፡፡ በዚያው ሰሞን ‹‹ቃሄር-313›› የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ለዕይታ ቀርቦ፣ የውጭ ባለሙያዎች አብራሪ እንኳ በደንብ የማያስቀምጥ ሞዴል ነው ብለው ተሳለቁበት፡፡ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው መንግሥት እውነት ቢናገርም የሚያምነው ማግኘት ይቸግረዋል፡፡

የሚገርመው ግን በዚህ ጉዳይ ተጠራጣሪዎቹም ግማሽ መንገድ ላይ መቅረታቸው ነው፡፡

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2011 ነው፡፡ ኢራን አርኪው-170 ‹‹ሴንቲኔል›› የተባለውን፣ በሎክሂድ ማርቲን የተሠራውንና ከራዳር የሚሰወረውን የስለላ ድሮን ያዝኩ አለች፡፡ አውሮፕላኑ የተያዘው ከአፍጋኒስታን ድንበር 225 ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ፣ ካሽማር በተባለች ከተማ አቅራቢያ ነው፡፡ በአፍጋኒስታን የሚገኘው የኔቶ ጦር በበኩሉ በምዕራብ አፍጋኒስታን ሲበር ከነበረ ድሮን ጋር የነበረው ግንኙነት እንደተቋረጠበት ብቻ ተናገረ፡፡ ከአራት ቀን በኋላ የኢራን ቴሌቪዥን አውሮፕላኑን አሳየ፡፡ ቀለሙ ቢጫ ቢጤ ነው፣ ክንፉ ተቆርጦ የተቀጠለ ይመስላል፣ የታችኛው አካሉ ደግሞ በኮከቦቹ ቦታ የራስ ቅል በተሳለበት የአሜሪካ ባንዲራ ተሸፍኗል፡፡ ብዙ ተመልካች ‹‹ይኼማ የካርቶን ነው›› አለ፡፡ ዲሴምበር 12 ቀን ግን ፕሬዚዳንት ኦባማ አውሮፕላናቸው እንዲመለስላቸው ኢራንን መጠየቃቸውን በጋዜጠኞች ፊት አረጋገጡ፡፡ የካርቶን አውሮፕላን መልሱልኝ የሚል የለም፡፡ ስለመማረኩ የነበረው ክርክር በዚህ አበቃ፡፡

ያላበቃው እንዴት ተማረከና ከውስጡ ምን ተገኘ የሚለው ነው፡፡ እዚህ ላይ አማርኛችንም ትንሽ ያሳስተናል፡፡ ‹‹ተጠለፈ›› ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠቀልላለን፡፡ አንደኛው ድሮኑ ወደ ምድር የሚልከውን ምስል በአየር ላይ መቅለብ ነው፡፡ ሁለተኛው መሪውን ነጥቆ ወደፈለጉበት መውሰድ ነው፡፡ ሦስተኛው የወደቀውን አውሮፕላን ከፍቶ በማኅደሩ የተቀመጠውን ማንበብ ነው፡፡ የመጀመሪያው ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ማኅደሩ ተቆልፎ እንደሆነና እንዳልሆነ ይወሰናል፡፡

የመጀመሪያውን ለመረዳት ቤቴል አካባቢ ዲሽ የሚገጥም አንድ ባለሙያ ማነጋገር ከማንኛውም ወታደራዊ መጽሐፍ የተሻለ ያስረዳል፡፡ ከጣሪያው የተተከለው ዲሽ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ ይቀበላል፤ ክፍት የሆነው ቻናል ወዲያው ይታያል፣ የተቆለፈው ግን ጥቁር ይሆናል፡፡ ለእግር ኳስ ብለን ሪሲቨሩ ላይ የምናስገባው ‹‹ቢስ ኪ›› የሚባለው ቁጥር ደካማው የቁልፍ ዓይነት ነው፡፡ ቁጥሩ እስኪቀየር ድረስ አንድ ስለሆነ አንድ ሰው ካገኘው ሠፈሩ ሁሉ ጨዋታውን ያያል፡፡ በካርድ የሚሠሩት ቻናሎች ግን ቁልፋቸውን በየጥቂት ሰከንዱ ይለዋውጣሉ፡፡ የአሜሪካ ጦር ለዓመታት የፕሬዳተር ድሮኖቹን ምስል እንደ ክፍት ቻናል ነበር የሚያሠራጨው፡፡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ዎል ስትሪት ጆርናል እንደዘገበው፣ የኢራቅ ታጣቂዎች 26 ዶላር በማያወጣ ‹‹ስካይግራበር›› በተባለ የሩሲያ ፕሮግራም ያንን ምስል ላፕቶፓቸው ላይ ሲቀዱት ከርመዋል፡፡ ፕሮግራሙ የተሠራው ሰዎች ከሳተላይት የሚያወርዱትን ፊልምና ሙዚቃ ለመቅዳት ነበር፡፡ የፔንታጎን ሰዎች ችግሩን ከቦስኒያ ጦርነት ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የአካባቢው ተዋጊ ይህን ማድረግ አይችልም ብለው ግን ተዉት፡፡ አንዳንዴ ጥርጣሬ ራሱ ከንቀት ይወለዳል፡፡

ወደ አርኪው-170 ስንመለስ፣ መሪውን ነጠቅን የሚለው ትረካ የመጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 አንድ ስሙ ያልተገለጸ ኢራናዊ መሐንዲስ ለክርስቲያን ሳይንስ ሞኒተር ጋዜጣ በሰጠው ቃል ነው፡፡ እንደ እሱ አባባል በመጀመሪያ በድሮኑና በተቆጣጣሪዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት በሞገድ ታፈነ፡፡ ድሮኑ ትእዛዝ ሲያጣ ወደ ሰፈሩ በራሱ ለመመለስ ጂፒኤሱን ማየት ጀመረ፡፡ ያኔ ሐሰተኛ የጂፒኤስ መልእክት ተላከለትና ካንዳሃር የደረሰ መስሎት ኢራን ላይ አረፈ፡፡ ከፍታው በጥቂት ሜትሮች ስለተሳሳተም ሆዱን መሬት ላይ መታ፡፡ ያ የተሸፈነው የታችኛው አካል ከዚህ ትረካ ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ ተንሳፎ ከወደቀ አውሮፕላን ጋርም እኩል ይገጥማል፡፡

ጂፒኤስን ማታለል በመርህ ደረጃ ይቻላል፡፡ ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀው ስለሚገኙ መልእክታቸው ደካማ ነው፤ ቀረብ ብሎ የሚጮህ ሐሰተኛ መሣሪያ ሊሸፍነው ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በጁን 2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶድ ሃምፍሪስና ተማሪዎቻቸው በኒው ሜክሲኮ በረሃ አንዲት ትንሽ የሲቪል ድሮን በዚህ መንገድ አሳስተው አሳይተዋል፡፡ የጦር አውሮፕላን ግን የሚጠቀመው የተቆለፈውን የጂፒኤስ መልእክት ነው፤ በተጨማሪም የራሱን እንቅስቃሴ እየለካ የት እንዳለ የሚያሰላ መሣሪያ በውስጡ ይዟል፡፡ አሜሪካውያኑ ብልሽት ነው ሲሉ ኢራናውያኑ ጠለፋ ነው አሉ፡፡ የሁለቱን ቃል የሚዳኝ ማስረጃ ግን ከሁለት አንዱም ለሕዝብ አላቀረበም፡፡

‹‹ማኅደሩን ፈታነው›› የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2012 ሐጂዛዴህ ማረጋገጫ ያሉትን ዝርዝር ተናገሩ፡፡ ድሮኑ በኦክቶበር 2010 ለጥገና ወደ ካሊፎርኒያ ተልኮ ነበር፣ በኖቬምበር ካንዳሃር ተመልሶ እንደገና ችግር ገጠመው፣ ኦሳማ ቢን ላደን ከመገደሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም በቤቱ ላይ በሯል አሉ፡፡ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊዮን ፓኔታ ኢራናውያኑ ይህን ማድረግ መቻላቸውን እጠራጠራለሁ አሉ፡፡ እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ዝርዝሩ ትክክል ይሁን አይሁን ሊያረጋግጥ የሚችለው የድሮኑ ባለቤት ብቻ መሆኑ ነው፡፡ እሱ ደግሞ የሚናገርበት ምንም ምክንያት የለውም፡፡ ቀጥሎ የመጣው ቪዲዮም እንዲሁ ነው፡፡ ማረፍ የበረራው ምስጢር የሌለበት ክፍል ነው፤ ፊልሙ ላይ ቀን፣ የሥፍራ አኃዝ ወይም የአውሮፕላኑ መለያ ካልታየ አንድ ማረፊያ ከሌላው ብዙም አይለይም፡፡ ‹‹ፈታነው›› የሚለው ቃል ራሱም አሳሳች ነው፡፡ ዘመናዊ ወታደራዊ ቁልፍን ቁጥር እየገመቱ መክፈት አይቻልም፡፡ ከማኅደሩ አንድ ነገር ከወጣ ወይ ሳይቆለፍ የተቀመጠ ነበር፣ ወይ ቁልፉ ሳይደመሰስ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ተገኝቷል፡፡ በእኔ ግምት ያ የማረፊያ ምስል ሳይቆለፍ ከቀሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ለኢራን ወገን የሚበልጠውን ምስክርነት የሰጠችው ሳታስበው እስራኤል ናት፡፡ ኢራን እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 የአርኪው-170ን ቅጂ ሠራሁ ብላ ስታሳይ ያው የተለመደው ሳቅ ተስቆ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 10 ቀን 2018 ግን ከሶሪያ የተነሳ አንድ የኢራን ድሮን የእስራኤልን አየር ክልል ጥሶ በሄሊኮፕተር ተመታ፡፡ የእስራኤል ጦር ስብርባሪውን አንስቶ ሲመረምር፣ ንድፉ ከተማረከው የአሜሪካ ድሮን የተቀዳ መሆኑን ተናገረ፡፡ የቅርጹ መቀዳት በዚህ ተረጋገጠ፤ የማኅደሩ መከፈት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ አገራቸው የውጭ ጦር ሰፈር እንደማታስተናግድ ከተናገሩ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአሜሪካ አየር ኃይል ሪፐር ድሮኖቹ ከአርባ ምንጭ ሶማሊያ ላይ እንደሚበሩ ለዋሽንግተን ፖስት አመነ፡፡ ጣቢያው መዘጋቱ የተነገረው በ2016 መጀመሪያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ደግሞ አልሸባብ ቡሎ ማረር አቅራቢያ የወደቀ ድሮን ስብርባሪ ፎቶግራፍ በትዊተር አሠራጨ፡፡ ከአልሸባብ አፍ ስለወጣ ብቻ ውሸት ነው ያለ ሰው ተሳስቷል፤ ስብርባሪው ካምኮፕተር የተባለችው አነስተኛ ሄሊኮፕተር መሆኑን ባለሙያዎች ከፎቶው ለይተዋል፡፡

በትግራዩ ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020፣ ዶ/ር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል ከአሰብ የሚነሱ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ድሮኖች እየመቱን ነው አሉ፡፡ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ይልማ መርዳሳ ደግሞ ድሮኖቹ የራሳችን ናቸው፣ የሚያበሯቸውም የራሳችን ባለሙያዎች ናቸው አሉ፡፡ ቤሊንግካት የተባለው የምርመራ ቡድን በወቅቱ የሳተላይት ምስሎችን አይቶ፣ አሰብ ላይ ድሮኖች እንዳሉና በጦርነቱ ስለመሳተፋቸው ግን አስረጂ እንዳላገኘ ጻፈ፡፡ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ የታየው የኢራን ሞሃጀር-6 ድሮን ግን የታወቀው በማንም መግለጫ አይደለም፤ ከፎቶግራፍና ከሳተላይት ምስል ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022፣ በገና ዕለት ሌሊት፣ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፡፡ ከቦታው የተነሱ የቦምብ ቁርጥራጮች ፎቶግራፍ ሲመረመር ‹‹ማም-ኤል›› የተባለው የቱርክ ሥሪት መሆኑ ታወቀ፤ ቦምቡ የሚጫነው በባይራክታር ድሮን ላይ ነው፡፡ እዚህ ላይ ማኅደር ፈታሁ ያለ አልነበረም፣ መፍታትም አላስፈለገም፤ የብረቱ ቅርጽና የብሎኖቹ አቀማመጥ በቂ ነበር፡፡ እንዲህ ያለው ድሮን ዒላማውን በካሜራ እያየ ነው የሚተኩሰው፡፡ የዚያን ሌሊት ምስል የሚገኘውም በተኳሹ እጅ ነው፡፡