ዳንፎርዝ ላይ ሐሙስ፦ ገበሬው ራሱ የሚሸጥበት ገበያ

በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት ከግሪንውድ አካባቢ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ፣ ኮክስዌልን አልፈው ውድባይን ሳይደርሱ ኢስት ሊን ፓርክን ያገኛሉ። ከጁን እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያ ድንኳኖች ይተከላሉ፤ የኦንታሪዮ ገበሬዎችም ምርታቸውን ጭነው ይመጣሉ።

የክፍለ ሀገሩ የጤና ደንብ አንድን ገበያ የገበሬዎች ገበያ ብሎ የሚቀበለው፣ አብዛኞቹ ሻጮች በዋናነት የራሳቸውን ምርት የሚሸጡ አምራቾች ሲሆኑ ነው። የገበያው ደስታም ከዚህ ይጀምራል። ጎመኑን የሚያቀብልዎት ሰው ብዙውን ጊዜ የዘራው ሰው ነው፤ «መቼ ተቆረጠ? ምን ተረጨበት?» ቢሉት መልሱ ከባለቤቱ አፍ ይመጣል።

ልዩነቱን ለመቅመስ ቲማቲም ይግዙ። ከሩቅ አገር ለሱፐርማርኬት የሚላከው ቲማቲም መንገዱን እንዲችል ብዙውን ጊዜ ጥሬውን ተለቅሞ በኤትሊን ጋዝ እንዲቀላ ይደረጋል። በኦገስት ከቅርብ እርሻ የሚመጣው ግን ተክሉ ላይ የበሰለ ነው። ቢላ ሲነካው ውሃው ይፈሳል፤ ፍትፍት ሲሠሩበት እንጀራው በቲማቲሙ በራሱ ይርሳል። ነጭ ሽንኩርቱንም ይዩት፦ መሐሉ ላይ ጠንካራ አገዳ አለው፣ ፍንካቾቹ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው፣ ልጣጩም ቶሎ ይለቃል። ለዶሮ ወጥ ለሚከትፍ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ አዛዡ ወቅቱ ነው። በጁን እንጆሪ፣ በጁላይ ቼሪ፣ በኦገስት የናያጋራ ኮክና የበቆሎ እሸት፣ በሴፕቴምበር ፖም፣ በኦክቶበር ዱባ ይደርሳል። እሸት የሚደርስበትን ሰሞን እየጠበቀ ያደገ ሰው የዚህን ጣዕም ያውቀዋል።

ኮኩ የሚሸጠው በሊትር በሚለካ ቅርጫት ነው፤ አገር ቤት እህል በጣሳ እንደሚሰፈረው ማለት ነው። የዋጋ ክርክር እምብዛም አልተለመደም። ለስልስ ብዙ ቲማቲም የሚፈልግ ግን መልኩ ያላማረውን ለይቶ ይጠይቅ፤ እሱ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሸጣል።

ዋጋው አንዳንዴ ከሱፐርማርኬቱ ይበልጣል። ነገር ግን ገንዘቡ በአከፋፋይ እጅ ሳይዞር ለገበሬው ይደርሳል። የአዲስ አበባ የእሁድ ገበያም አምራችና ሸማችን በቀጥታ ለማገናኘት የተከፈተ ነው። ቶሮንቶ አቅራቢያ ያሉ ትንንሽ እርሻዎች ለከርሞም እንዲዘሩ የሚፈልግ ሸማች፣ ድጋፉን የሚገልጽበት ቀጥተኛው መንገድ ሐሙስ ዘንቢሉን ይዞ መውጣት ነው።