የካሜራ ሌንስ ለሽያጭ ሲገዛ መታወቅ ስላለበት ነገር

የካሜራ ሌንስ እንደ ስኳር ወይም እንደ ጨው ማንኛውም ገዢ የሚወስደው ሸቀጥ አይደለም። ስኳር ከገበያ ቢተርፍ ለሚቀጥለው ገበያ ይሸጣል፤ ሌንስ ግን ከገዢው ካሜራ ጋር ካልተስማማ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ የሚወስደው ሰው አይገኝም። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔ የመነጽር ሥራ ሊቅ ሆኜ አይደለም፤ በምሥራቅ ጎጃም በሉማሜ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት የትእዛዝ ደብዳቤ የምጽፍና መዝገብ የምይዝ ጸሓፊ ነኝ። ሆኖም የአሠሪዬ ገንዘብ እኔ በጻፍሁት ደብዳቤ ጕድለት ስለ ታሰረ፥ ነገሩን ከመሠረቱ ለመማር ተገድጃለሁ።

የአሠሪዬ ዋና ንግድ ጤፍና ጥራጥሬ ነው፤ በጎን ደግሞ የጽሕፈት መሣሪያና ለፎቶ ቤቶች የሚያስፈልግ ዕቃ ይሸጣሉ። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ ለጥር ሠርግ እንዲደርስልን አስበን፥ 6 የኒኮን ሌንሶች ከአዲስ አበባ አዘዝን። በደብዳቤው ላይ የጻፍሁት «ኒኮን፥ 50 ሚሊሜትር፥ 1.8፥ ብዛት 6» የሚል ብቻ ነበረ። ላኪውም ልክ እንደ ተጻፈለት ላከ፤ በእርሱ በኩል ጥፋት የለም። ዕቃው በደረሰ ማግስት የከተማው ፎቶግራፍ አንሺዎች መጥተው በየካሜራቸው ሲሞክሩት፥ ሌንሱ በደንብ ይገጥማል፤ ነገር ግን አውቶፎከስ አይሠራም፤ ማለት ካሜራው በራሱ ኀይል ሥዕሉን ሊያጠራው አይችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኒኮን በቀድሞው አሠራር ሌንሱን የሚያሽከረክረውን ሞተር የሚያኖረው በካሜራው አካል ውስጥ ነበረ፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን አሠራር የተሠራው ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም። በኋላ የወጡት ቀላልና ርካሽ ካሜራዎች፥ እንደ ዲ3200 እና እንደ ዲ5300 ያሉት፥ ይህ ሞተር በአካላቸው ውስጥ አልተደረገላቸውም። ለእነርሱ የሚስማማው ሞተሩን በራሱ ውስጥ የያዘ፥ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ሌንስ ነው። በእኛ ሌንሶች ላይ የነበረው «ኤኤፍ» የሚል ብቻ ሆኖ፥ ከ1.8 ቀጥሎ «ዲ» የሚል ፊደል ነበረበት። በከተማችን ያሉት ፎቶግራፍ አንሺዎች ደግሞ አብዛኞቹ የያዙት እነዚያኑ ቀላል ካሜራዎች ነው። አሠሪዬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ፥ «ጤፍ ስትገዛ ነጭ ነው ወይስ ሠርገኛ ብለህ ትጠይቃለህ፤ ለዚህ ዕቃ ግን ስሙን ብቻ ጽፈህ ላክህ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሕተቱ በቀደሙት ዓመታት ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ይቀል ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ሌንስ ደግሞ በአገር ውስጥ የማይሠራ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ይሄዳል። በመደርደሪያ ላይ የሚተኛው ገንዘብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መልሶ መላክም፥ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፥ መንገድ በሚዘጋጋበት ጊዜ፥ ከትርፉ የሚበልጥ ወጪ አለው።

እንግዲህ ከትእዛዝ በፊት የሚሠራው ሥራ ሌንሱን ማጥናት ሳይሆን በከተማው ውስጥ ያሉትን ካሜራዎች መቍጠር ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ሰው በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሌንስ የሚገዛው ሠርግ የሚያነሣና ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፥ እንደ ሉማሜ ባለ ከተማ የደንበኞቹ ዝርዝር በአንድ ገጽ ያልቃል። የካሜራውን ስምና በፊቱ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ከባለቤቱ ስም ጎን መመዝገብ ይበቃል። እኔ ይህን መዝገብ የያዝሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው።

በካኖን በኩል የሞተሩ ችግር የለም፤ ካኖን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ያወጣው «ኢኤፍ» የሚባለው አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሞተሩን በሌንሱ ውስጥ አድርጓል። በዚህ ፈንታ ሌላ ወጥመድ አለው። «ኢኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ሌንስ የተሠራው ትንሽ ሥዕል ተቀባይ ላላቸው ካሜራዎች ስለ ሆነ፥ እንደ 6ዲ እና እንደ 5ዲ ባሉት ታላላቅ ካሜራዎች ላይ አይገጥምም፤ «ኢኤፍ» የሚለው ግን በሁለቱም ላይ ይገጥማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ደግሞ ካኖን «አርኤፍ»፥ ኒኮን «ዜድ» የሚባል አዲስ አንገት ይዘው መጡ። የቆየው ሌንስ በማገናኛ ቀለበት በአዲሱ ካሜራ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ አዲሱ ሌንስ ግን በቆየው ካሜራ ላይ በምንም መንገድ አይሠራም። የእኛዎቹን የመሰሉ ሞተር የለሽ ሌንሶች በኒኮን በራሱ ማገናኛ ቢታሰሩም አውቶፎከስ አያገኙም፤ ስለዚህ ዓመት በጨመረ ቍጥር ገዢያቸው እየቀነሰ ይሄዳል።

ከመግጠሙ ቀጥሎ የሚመጣው የብርሃን ጕዳይ ነው፤ ነጋዴን ይልቁንም የሚያሳስተው ይህ ነው። በሌንሱ ፊት ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ለምሳሌ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ቢሆን፥ 50 ለ1.8 ሲካፈል የቀዳዳው ወርድ 28 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ኤፍ 5.6 ቢሆን 9 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ወርዱ በ3 እጅ ሲበልጥ፥ ቁመቱም አብሮ ስለሚበልጥ፥ የሚገባው ብርሃን 10 እጅ ያህል ይደርሳል፤ መስኮት የሠራ አናጢ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ከካሜራው ጋር በአንድ ሣጥን የሚመጣው ከ18 እስከ 55 የሚደርሰው ዙም ሌንስ፥ እስከ 55 በተዘረጋ ጊዜ ቀዳዳው ያ ጠባቡ 5.6 ነው።

ይህ በሥራ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት በጥር ወር ወደ ሠርግ ዳስ መግባት ነው። ዳሱ በሸራ ወይም በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከውጭ የቀትር ፀሓይ ያቃጥላል፥ ከውስጥ ግን ድንግዝግዝ ነው፤ የሰውም ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል። እስክስታ የሚመታ ትከሻ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፥ በጠባብ ቀዳዳ ሲነሣ ጭስ መስሎ ይወጣል። አንዳንድ ሻጭ «ይህ ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን ይከላከላል» እያለ ያሞግሳል፤ እውነት ነው፥ የፎቶግራፍ አንሺውን እጅ ያረጋል፤ የጨፋሪውን ትከሻ ግን አያቆምም። ፍላሽ አለ ይባል ይሆናል፤ ፍላሽ ከፊት ያለውን ሰው አብርቶ ከኋላ የተቀመጡትን ዘመዶች በጨለማ ይተዋቸዋል፤ ገንዘቡን የሚከፍሉት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ናቸው። ስለዚህ ርካሹ የ50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ለእንዲህ ያለው ገበያ ተገቢ ሸቀጥ ነው፤ አሳባችን አልተሳሳተም፥ የተሳሳተው ደብዳቤው ነው። ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ግን የሚጠራው ጥልቀት እጅግ ጠባብ እንደ ሆነ ለገዢው መንገር ይገባል፤ ሙሽራው ጠርቶ ሙሽሪት ብትደበዝዝ ወቀሳው ዞሮ ወደ ሱቁ ይመጣል።

ይኸው ሌንስ በፎቶ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት በድሮስ ቦያጂያን በቤተ መንግሥት ሲያነሡ ወደ ኋላ ለመራቅ ሰፊ ቦታ ነበራቸው፤ የእኛ ከተማ ፎቶ ቤት ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ትንሽ ሥዕል ተቀባይ ባለው የካኖን ካሜራ ላይ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በ3 ሜትር ርቀት የሚያሳየው ስፋት 1 ሜትር ከ34 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለጉርድ ፎቶግራፍ እጅግ መልካም ነው፤ አባትና እናት ከ5 ልጆች ጋር ቢመጡ ግን አይበቃም። ከካሜራው ጋር የመጣው ዙም በ18 ሲሆን በዚያው ርቀት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ያሳያል። በአንጻሩ በዚሁ በ18 ቀርበው ጉርድ ፎቶግራፍ ቢያነሡ አፍንጫ ያብጣል፥ ጆሮም ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ 50ውን የሚገዛው ደንበኛ የቀድሞውን ሌንስ ለመለወጥ ሲጠይቅ፥ አስቀምጠው ብሎ መምከር ለሱቁም ለእርሱም ይጠቅማል።

ስለ ረጅሙ ሌንስ ብዙ አልልም። ጥር 10 ቀን ታቦት ሲወርድ ቀርቦ ማንሣት ስለማይቻል ከሩቅ የሚስብ ሌንስ ይፈለጋል፤ ለዚህም በቀትር ብርሃን ከ55 እስከ 250 የሚደርሰው ቀላሉ ይበቃል። ከ70 እስከ 200 ሆኖ 2.8 የሆነውን ውዱን ሌንስ ቀብድ ሳይቀበሉ ማስመጣት በእኔ አስተያየት ድፍረት ነው።

ያገለገለ ሌንስ መግዛት ነውር አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ነገር ግን የጎጃም ክረምት ለሌንስ ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ማኅደር ተዘግቶ የኖረ ሌንስ በመስተዋቱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም ሲቆይ የመስተዋቱን ልባስ ይበላል፥ ያን ጊዜ ቢጠረግም ጠባሳው አይጠፋም። ሲገዙ ሌንሱን ወደ መስኮት አድርጎ ማየት አይበቃም፤ በጨለማ ክፍል የባትሪ ብርሃን በጎን ማብራት ያስፈልጋል፤ ሻጋታ ካለ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። በሱቅ ውስጥም ሌንስ በቆዳ ማኅደር አይቀመጥ፤ በደንብ በሚዘጋ ቆርቆሮ፥ ከአዳዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ጋር ቢቀመጥ ይሻላል። ከረጢቶቹ ግን እርጥበት ከጠገቡ በኋላ ጥቅም ስለሌላቸው በየጊዜው ይለወጡ።

አሁን የምጽፈው የትእዛዝ ደብዳቤ የሌንሱን ስም፥ በላዩ ያሉትን ፊደላት አንድ ሳይቀር፥ የሚገጥምበትን ካሜራ ቍጥርና «በዚህ ካሜራ ላይ አውቶፎከሱ ካልሠራ አንረከብም» የሚል ቃል ይይዛል። ከነዚያ 6 ሌንሶች አንዱን ዲ7000 የተባለው፥ ሞተር በአካሉ ውስጥ ያለው ካሜራ ባለቤት ገዛን፤ 2ቱን ቪዲዮ የሚቀርጹና በእጃቸው የሚያጠሩ ሰዎች ወሰዱ። የቀሩት 3ቱ በቆርቆሯቸው ውስጥ ደኅና ናቸው፤ ዲ90 ወይም ዲ7000 የያዙ ደንበኞች ያሉት ነጋዴ ቢገኝ፥ አሠሪዬ በገዙበት ዋጋ ለመልቀቅ ፈቅደዋል።