«ድሮ ተስማምቷት ነበር፤ አሁን ምን መጣ?» የአእምሮ ሕመም መድኃኒትና የሴቶች ሆርሞን

እናትዎ ወይም እህትዎ ለዓመታት ያለ ችግር የወሰዱት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ካረጡ በኋላ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር? «በሽታው ባሰባት» ወይም «ሌላ ነገር ያዛት» ከማለትዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታሉ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትን የሚቀንሱት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ዶፓሚን እንቅስቃሴያችንንም ይቆጣጠራል። ስለዚህ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አለመቻል ሊመጣ ይችላል።

ሆርሞን እዚህ ምን አገባው? ኤስትሮጅን የዶፓሚንን ሥራ እንደሚያግዝ ይታመናል። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ ያው የድሮው መጠን ሊከብዳት ይችላል። ከንፈርና ምላስ ሳይታዘዙ እንደ ማኘክ የሚንቀሳቀሱበት ችግርም በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ይበዛል።

አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ደግሞ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ይጨምራሉ። ያኔ በወጣት ሴት ላይ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ የወር አበባ ይቀራል፤ ሳታጠባም ወተት ሊወጣት ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

👉 መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።
👉 የወር አበባ መቼ እንደቀረ ለሐኪሙ ይንገሩ። መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል።
👉 ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘውን ትራይሄክሲፌኒዲል (አርቴን) በራስዎ ገዝተው አይስጡ። የከንፈርና የምላሱን እንቅስቃሴ ሊያባብሰው ይችላል።
👉 አንገት በድንገት ከተጣመመ ወይም ዓይን ወደ ላይ ከተሰቀለ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱ፤ ይታከማል።

ለሚመለከተው ሰው ያጋሩ።